ጠቃሚው ባክቴሪያና የስኳር ልብሱ



ባክቴሪያ ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው በሽታን ነው። ነገር ግን አላህ (ሱ.ወ.) በአንጀታችን ካኖራቸው ጥቃቅን ፍጥረታት አብዛኞቹ አይጎዱንም፤ ይልቁንም ምግብ በማብላላትና ለጎጂዎቹ ቦታ በመንሳት ያግዙናል። አንቲባዮቲክ ስንወስድ መድኃኒቱ ጎጂውን ከጠቃሚው አይለይም። አንዳንድ ልጆችን መድኃኒቱን ከጀመሩ በኋላ የሚያስቀምጣቸው በዚህ ምክንያት ነው። ለዚሁ ሲባል «ፕሮባዮቲክ» የተባሉ ሕያው ባክቴሪያዎች በካፕሱልና በዱቄት መልክ ይሸጣሉ። ታዲያ ሁሉም እኩል ይሠራሉን?

ዝርያቸው አንድ፣ ሥራቸው ልዩ ልዩ

ላክቶባሲለስ ራምኖሰስ ጂጂ የተባለውን ባክቴሪያ እንመልከት። ሼርዉድ ጎርባክና ባሪ ጎልዲን የተባሉ አሜሪካውያን እ.ኤ.አ. በ1983 ከጤነኛ ሰው አንጀት ለይተው አወጡት። «ጂጂ» የሚለውም ከሁለቱ የአባት ስም የተወሰደ ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 ተመራማሪዎች በፊንላንድ 3 ሚሊዮን ያህል ፊደላት ያሉትን የዘር መረጃውን አንብበው፣ ለወተት ተዋጽኦ ከሚያገለግል የቅርብ ዘመዱ ጋር አነጻጸሩት። ሁለቱም ዝርያቸው አንድ ነው። ጂጂ ግን በላዩ ላይ ፀጉር መሰል ክሮች የሚሠሩለት ዘረ-መሎች አሉት፤ በክሮቹም የአንጀትን ዝልግልግ ሽፋን አጥብቆ ይይዛል። ዘመዱ እነዚህ ዘረ-መሎች የሉትም።

ጂጂ ከክሮቹ ሌላ የስኳር ልብስም አለው። ልብሱ በወተት ስኳር ውስጥ በሚገኘው ጋላክቶስ የበለጸገ ነው። የቤልጂየም ተመራማሪዎች ይህን ልብስ መሥራት የማይችል ባክቴሪያ አዘጋጁ። ክሮቹ ስለተገለጡ ከአንጀት ሕዋሳት ጋር ይበልጥ ተጣበቀ፤ በአይጦች አንጀት ውስጥ ግን ብዙ አልቆየም። ሰውነት ተህዋስያንን ከሚገድልባቸው ንጥረ ነገሮች የሚከልለው ልብስ አልነበረውምና። ሱብሃነላህ! በዓይን የማይታይ ፍጥረት እንኳ ለማደሪያው የሚስማማ ልብስ ተሰጥቶታል።

ለቤተሰብ የሚጠቅሙ ምክሮች

1. ፕሮባዮቲክ ስትገዙ ሙሉ ስሙን እስከ መጨረሻው ፊደል አንብቡ። ጂጂ በአንቲባዮቲክ የሚመጣን የልጆች ተቅማጥ እንደሚቀንስ በጥናት ታይቷል፤ የዝርያው ስም ስለተጻፈ ብቻ ሌላው ያንኑ ይሠራል ማለት አይደለም። ከ2020 ወዲህ ሳይንሳዊ ስሙ «ላክቲኬዝባሲለስ» ስለተባለ ሁለቱም ስም ሊያጋጥማችሁ ይችላል።

2. ከአንቲባዮቲኩ ጋር በአንድ ጊዜ አትስጡ፤ በመካከሉ ቢያንስ 2 ሰዓት ይኑር። አንቲባዮቲኩንም ያለ ሐኪም ትእዛዝ አታቋርጡ።

3. ልጅ ሲያስቀምጠው ቅድሚያ የሚሰጠው ለኦ.አር.ኤስ እና ለዚንክ ነው። ደም ከታየ፣ ዓይኑ ከጎደጎደ ወይም መጠጣት ካቃተው ፈጥናችሁ ወደ ጤና ተቋም ውሰዱት።

4. ያለ ጊዜው ለተወለደ ሕፃንና የመከላከል አቅሙ ለተዳከመ ሰው ያለ ሐኪም አትስጡ። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን በ2023 ያለ ጊዜያቸው ስለሚወለዱ ሕፃናት አስጠንቅቋል።

5. ካፕሱሉ የተሠራበት ጄላቲን ከምን እንደተገኘ ጠይቁ፤ ከተጠራጠራችሁ ዱቄቱን ምረጡ።

6. እርጎ መልካም ምግብ ነው፤ ይሁን እንጂ በየቤቱ እርጎ ውስጥ ያለው ባክቴሪያ ስለሚለያይ የተጠናውን አይተካም። ካልፈላ ወተት የተሠራ ከሆነ ደግሞ ብሩሴሎሲስ ሊያስተላልፍ ይችላል።

ሰበቡን ማድረስ ከእኛ፣ ፈውሱ ከአላህ ነው። አላህ ለሁላችንም ዓፊያውን ይስጠን፤ አሚን።