ድሬዳዋን ማረፊያ አድርጎ መጓዝ

በጥቂት ገንዘብ አገር ማየት የሚፈልግ ሰው ብዙ ጊዜ የሚጠይቀው የትኛው ቦታ እንደሚረክስ ነው። መቅደም ያለበት ጥያቄ ግን ሌላ ይመስለኛል፦ አንዴ የከፈልኩት የመንገድ ገንዘብ ስንት ነገር ያሳየኛል? የጉዞ ወጪ ሁለት መልክ አለው። አንደኛው ከቤት ተነስቶ መድረሻው ድረስ ለመሄድና ለመመለስ የሚከፈለው ነው፤ ሌላው በየቀኑ ለአልጋና ለምግብ የሚወጣው ነው። የመጀመሪያው አንድ ቀን ተቆየም ሳምንት ያው ነው። የዕለቱን ወጪ ደግሞ ተጓዡ ራሱ ሊቀንሰው ይችላል፤ ደህና ግን ቀላል አልጋ መርጦ፣ የአካባቢው ሰው በሚበላበት ቤት በልቶ፣ ከሰው ጋር ክፍል ተጋርቶ። እንግዲህ ኪስ የሚያራቁተው በየሁለት ቀኑ ሻንጣ ጠቅልሎ ወደ ሌላ ከተማ መሮጥ ነው። አንድ ከተማ ላይ አልጋ ይዞ ዙሪያውን በደርሶ መልስ የሚያይ ሰው በዚያው ገንዘብ የበለጠ ያያል፤ ያየውም አብሮት ይቆያል። በዚህ መለኪያ ኢትዮጵያ ውስጥ ከድሬዳዋ ጋር የሚወዳደር ከተማ ማግኘት ይከብዳል የምለው ለማሞካሸት አይደለም፤ የሚታይ ምክንያት አለው።

ምክንያቱ ከከተማዋ አመሠራረት ይጀምራል። ከጅቡቲ የተነሳው የባቡር ሐዲድ በመጀመሪያ የታሰበው በሐረር እንዲያልፍ ነበር። ሐረር ግን ከባሕር ወለል በላይ ወደ 1,900 ሜትር በሚጠጋ ከፍታ ላይ ስላለች ባቡር ተራራውን ማስወጣት ከአቅም በላይ ውድ ሆነ። ስለዚህ ሐዲዱ በተራራው ግርጌ በቆላው በኩል ቀጠለ፤ በ1895 ዓ.ም. የደረሰበት ሜዳም አዲስ ሐረር ተብሎ ከተማ ሆነ። ሐዲዱን የዘረጋው የመጀመሪያው ኩባንያ ገንዘብ አጥሮት ከሰረ፤ ባቡር አዲስ አበባ የገባውም በ1909 ዓ.ም. ነው። በመሐሉ ለበርካታ ዓመታት ከባሕር የመጣ ዕቃ ከባቡር ወርዶ በግመልና በበቅሎ የሚጫነው፣ ከደጋ የወረደ ቡናና ቆዳም ባቡር ላይ የሚወጣው ድሬዳዋ ላይ ነበር። ወደ ሐረርና ጅጅጋ፣ ወደ ሐረማያ፣ ወደ ቁልቢ፣ ወደ ደወሌና ጅቡቲ የሚወስዱት መንገዶች ዛሬም ከዚህች ከተማ ይነሳሉ። ነጋዴ ያበጀው የመንገድ መረብ ለተጓዥ በነፃ የተረፈ ሀብት ነው።

ሐረርን እንውሰድ። ከድሬዳዋ ያላት ርቀት 55 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆን ሚኒባሱ ቀኑን ሙሉ ይመላለሳል። በሰሜኑ የጉብኝት መስመር ቅርብ ጎረቤታሞች የሚባሉት ባሕር ዳርና ጎንደር እንኳ ወደ 180 ኪሎ ሜትር ይራራቃሉ። የሐረር መንገድ ራሱ ትምህርት ነው። ከቆላው ሙቀት ተነስቶ የደንገጎን ጠመዝማዛ ዳገት የወጣ ሰው ብዙም ሳይቆይ ሹራብ የሚያስፈልግበት ደጋ ላይ ይደርሳል፤ በመንገዱም ዓይን እያየ ደርቆ የነበረውን የሐረማያ ሐይቅና ሌሊትና ቀን የማይተኛውን የአወዳይን የጫት ገበያ ያልፋል። ከዚያ ጀጎል፣ በግንብ የተከበበው አሮጌው ሐረር፣ ይመጣል። በ16ኛው ክፍለ ዘመን አሚር ኑር ያሠሩት ግንብ፣ አምስቱ ጥንታዊ በሮች፣ በ48 ሄክታር ውስጥ የተጠጋጉት 82 መስጊዶችና 102 የአውልያ ቦታዎች በሐምሌ 1998 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግበዋል። በግንቡ ዙሪያ መሄድ፣ በጠባቦቹ መተላለፊያዎች መግባትና መውጣት፣ መኪና ግርግር በሚባለው ጎዳና የልብስ ሰፊዎቹን ሥራ ቆሞ ማየት ምንም አያስከፍልም። የሐረሪ ባህላዊ ቤት፣ ጌይ ጋር፣ ገብቶ ከፍና ዝቅ ያሉትን የነደባ መቀመጫዎችና በግድግዳው የተደረደሩትን ሰፌዶች ማየት ደግሞ ከአንድ መጠነኛ ምሳ ብዙ የሚበልጥ ገንዘብ አይጠይቅም። የጅብ ምገባው የሚካሄደው ሲመሽ ስለሆነ እሱን የፈለገ ሰው አንድ ሌሊት እዚያው ማደር አለበት፤ የሚገባውም ነው።

ታዲያ ለምን ሐረር ላይ አልጋ አይያዝም? የሚል ሰው ተገቢ ጥያቄ ጠየቀ። በግንቦትና በሰኔ፣ የቆላው ሙቀት በሚበረታበት ጊዜ፣ እኔም ሐረር እደሩ ነው የምለው። በቀረው ዓመት ግን ባቡሩም አውሮፕላኑም የሚያርፈው ድሬዳዋ ነው። ምዕራቡን አቅጣጫ ለማየትም ተራራውን ሁለቴ መውጣትና መውረድ ይቀራል። ደግሞም ከተማዋ ራሷ የምትታይ ናት። ድሬዳዋ የንግድ ከተማ እንጂ የሚጎበኝ ነገር የላትም የሚለው አስተያየት ከልማድ የመጣ ነው፤ መጎብኘት ማለት ቤተ ክርስቲያን፣ መስጊድ ወይም ቤተ መንግሥት ማየት ብቻ መስሎ ስለሚታየን ነው። ከዚራ በሐዲድ ሰዎች እጅ በቀጥታ መንገዶች ተተልሞ የተሠራ ሰፈር ነው፤ ጥላ የሚሰጡት ዛፎቹና ሰፋፊ በረንዳዎቹ ሙቀትን ታስቦበት መከላከል ምን እንደሚመስል ያሳያሉ። የደቻቱን ወንዝ ተሻግሮ ያለው መጋላ ደግሞ በነጋዴው ፍላጎት የበቀለ፣ ጠባብና ሕያው ነው። በቀፊራ ገበያ የኦሮሞ፣ የሶማሌና የአፋር ሴቶች በአንድ አጥር ሥር ይሸጣሉ፤ አንድ ደንበኛ በሦስት ቋንቋ ሲከራከር መስማት እዚያ ብርቅ አይደለም። ለገሃር የቆመው የድሮው ጣቢያና ወርክሾፑ፣ ከነአሮጌ ሎኮሞቲቮቹ፣ ይህች አገር ከኢንዱስትሪ ሥራ ጋር እንዴት እንደተዋወቀች የሚነግር ስፍራ ነው፤ ለመግባት አስቀድሞ ማስፈቀድ ያስፈልጋል። ማታ ማታ ሁልበት መረቅ፣ ሳምቡሳና ፈጢራ የሚበላበት ጎዳና የትኛውም ሆቴል በዚያ ዋጋ የማያቀርበውን እራት ያቀርባል። ከቦታ ቦታ ባጃጅ ያደርሳል።

ይበልጥ የሚያስቆጨው ግን አጠገባችን ሆኖ የማናየው ነው። ከከተማው በስተደቡብ 3 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በተራራው ገጽ ላይ ፖርክ ኤፒክ የሚባል ዋሻ አለ። እ.ኤ.አ. በ1929 ሄንሪ ደ ሞንፍሬና ቴያር ደ ሻርዳን የተባሉ ፈረንሳውያን አገኙት፤ በ1933 ተቆፈረ፤ በ1970ዎቹ ደግሞ ዴዝመንድ ክላርክ የሚመሩት ቡድን ሥራውን ቀጠለ። ከዋሻው ከወጣው ውስጥ 40 ኪሎ ግራም የሚሆን ቀይና ቢጫ የቀለም አፈር አለ፤ እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመ ጥናት እንዳሳየው ከ40 ሺህ ዓመት ገደማ በፊት የነበሩ ሰዎች ይህን አፈር በድንጋይ እየፈጩ፣ ለተለያየ አገልግሎት እየለዩ ለብዙ ትውልድ ተጠቅመውበታል። ከከተማው በስተደቡብ ምዕራብ ወደ 38 ኪሎ ሜትር ርቆ ደግሞ ለጋ ኦዳ ይገኛል፤ እዚያ ከብቶችና ሰዎች በዓለት ላይ ተሥለዋል። በሐርጌሳ አቅራቢያ ያለው የላስ ጊል የዓለት ሥዕል በፈረንሳይ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2002 ለዓለም ከተዋወቀ ወዲህ የሩቅ አገር ሰው ሳይቀር ይመጣለታል። የለጋ ኦዳ ሥዕል ከዚያ የከብት አርቢዎች ጥበብ ጋር የሚዛመድ ሆኖ ሳለ፣ አብዛኛው የድሬዳዋ ልጅ ሳያየው ያድጋል።

በጥቂት ገንዘብ ረጅም መንገድ መሄድ ከፈረንጅ የተማርነው ነገር አይደለም። ታኅሣሥ 19 እና ሐምሌ 19 ቀን ቁልቢ ገብርኤል የሚወጣውን ሕዝብ ማየት ይበቃል። ራስ መኮንን ከዓድዋ ድል በኋላ ስለታቸውን ለመፈጸም ያሠሩት ደብር ከድሬዳዋ 70 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል። ምዕመኑ ስንቁን ቋጥሮ፣ ገሚሱ በእግሩ፣ ገሚሱ ተጋርቶ በተከራየው መኪና ይሄዳል፤ በድንኳን ያድራል፤ ከማያውቀው ሰው ጋር ይበላል። የባሌው ድሬ ሼህ ሁሴን ዝያራም በዚሁ ሥርዓት የቆመ ነው። ተጋርቶ መሄድ፣ ስንቅ መያዝ፣ ለመንገድ ጊዜ መስጠት የምንላቸው የቁጠባ ዘዴዎች ሁሉ እነዚህ መንገደኞች ከአያቶቻቸው የወረሷቸው ናቸው። በዓሉን ሊሳለም የሚሄድ ሰው እንደነሱ ይሂድ። መልክዓ ምድሩን ሊያይ ብቻ የፈለገ ግን በዓሉ ካለፈ በኋላ ይምረጥ፤ በበዓሉ ሰሞን አልጋ አይገኝም፣ የመኪና ዋጋም ይንራል።

ከሁሉ የከበደው ተቃውሞ የደኅንነት ነው፤ ይህን አቃልሎ ማለፍ አንባቢን መበደል ይሆናል። ባለፉት ዓመታት የአገራችን መንገዶች ሁሉ አንድ ዓይነት አልነበሩም፤ የትናንት ወሬም ለዛሬ አይሠራም። ከመነሳት በፊት በመንገዱ በየጊዜው የሚመላለሱትን ሾፌሮች መጠየቅ፣ በቀን መጓዝ፣ ወደ ገጠሩ ዋሻ ከመሄድ በፊትም የወረዳውን አስተዳደር ማነጋገር ግዴታ ነው። ለአዲስ አበባ ሰው በመስከረም 2009 ዓ.ም. የተመረቀው እስከ ጅቡቲ የሚዘልቅ 752 ኪሎ ሜትር የኤሌክትሪክ ባቡር መስመር ሌላ አማራጭ ነው። ጣቢያው ከከተማው ውጭ ስለሆነ ለታክሲ የሚሆን ገንዘብ መያዝ፣ የጉዞውንም ቀን አስቀድሞ ማረጋገጥ ያስፈልጋል። ክረምትም የራሱ አደጋ አለው። ሐረር በቅርስነት በተመዘገበችበት በዚያው ሐምሌ 1998 ዓ.ም. መጨረሻ፣ ዓመቱን ሙሉ ደረቅ አሸዋ የሚመስለው ደቻቱ በሌሊት ሞልቶ ከ200 በላይ ሰው ገደለ። ደጋው ላይ ሲዘንብ ከወንዙ አሸዋ መራቅን የድሬ ሰው ያውቃል፤ እንግዳም ሊማረው ይገባል። ከኅዳር እስከ የካቲት ያለው ጊዜ ከሙቀቱም ከጎርፉም ያሳርፋል።

ወደ ውጭ አገርስ? ምኞቱ የሚነቀፍ አይደለም፤ ስሌቱ ግን ተለውጧል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ በሳምንታት ውስጥ አንድ ዶላር ከ57 ብር ግድም ተነስቶ ከ100 ብር አለፈ። ብር ቆጥቦ ዱባይ ሊሄድ ያሰበ ሠራተኛ ቁጠባው በአንድ ወር ግማሽ ሆነበት ማለት ነው። ቪዛ ቢከለከል የማይመለሰው ክፍያ ሳይቆጠር ነው ይህ። ጎረቤት ጅቡቲ በሐዲድ ከድሬዳዋ 310 ኪሎ ሜትር ገደማ ብትሆንም ፍራንኳ ከዶላር ጋር በቋሚ ምጣኔ የታሰረ ስለሆነ አልጋውም ምግቡም ለብር ባለቤት ውድ ነው። ከባሕር ወለል በታች 155 ሜትር የሚወርደውን የአሳል ሐይቅ፣ የአፍሪካን ዝቅተኛ ምድር፣ ማየት የሚሻ ሰው ተሰባስቦ መኪና ይጋራና በሁለት ቀን ይመለስ። ኢትዮጵያዊ ያለ ቪዛ የሚገባባት ኬንያ በሞያሌ በኩል ለምድር መንገደኛ ትሻላለች፤ ከናይሮቢ ሞምባሳ ድረስም እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ ባቡር አለ፤ መንገዱ ግን ከምሥራቅ ኢትዮጵያ ለሚነሳ ረጅም ነው። ከውጭ ለሚመጣው ወገናችን ስሌቱ ይገለበጣል፤ ለሌላ አገር መዝናኛ የሚያወጣው ዶላር እዚህ ቤተሰቡን ሁሉ ይዞ ሐረርንና ቁልቢን ያስጎበኘዋል።

አንድ ነገር ላይ ግን መቆጠብ አይገባም፤ አስጎብኚ ላይ። ጀጎልን ያለ አስጎብኚ የዞረ ሰው ግንብ ያያል፤ ከሚያውቅ ሰው ጋር የዞረ ግን የትኛው በር ወደ የትኛው የንግድ መንገድ ይወጣ እንደነበር፣ የትኛው ቤት የማን እንደሆነ ሰምቶ ይመለሳል። ከአልጋው ቀንሶ ለአስጎብኚው መክፈል ትርፍ ነው፤ ገንዘቡም ቅርሱን ለሚጠብቁት ሰዎች ይደርሳል። ሐረር ላይ ይህን የሚሠሩ ሰዎች አሉ። ፖርክ ኤፒክና ለጋ ኦዳ ላይ ግን ድሬዳዋ ገና ብዙ ይቀራታል። ከተማዋ ዩኒቨርሲቲ አላት፤ የታሪክና የቱሪዝም ተማሪዎች በኅዳርና በታኅሣሥ ቅዳሜና እሑድ ተመድበው ሰው በቡድን ቢያደርሱ፣ ትኬቱ አንድ ሰው በማይከብደው ዋጋ ቢቆረጥ፣ ከገቢውም ለዋሻው አካባቢ ነዋሪዎች ድርሻ ቢሰጥ፣ ለቁልቢ መጥቶ ድሬዳዋ ላይ አንድ ቀን የሚያርፈው መንገደኛ ብቻ በቂ ጎብኚ ይሆናል። ይህን መጀመር የከተማው አስተዳደር ሊፈጽመው የሚችል ሥራ ነው፤ አዲስ መንገድም አዲስ ሆቴልም አይጠይቅም።