በጽሑፍ ማዘጋጃ ፕሮግራም ምክንያት ስለሚደርስ የመዝገብ መጥፋት

ከእንጦጦ ግርጌ እስከ ሾላ ገበያና እስከ ኮተቤ ድረስ በየካ ክፍለ ከተማ የሚነግዱ ብዙ ነጋዴዎች የዱቤያቸውንና የዕቃቸውን መዝገብ በኮምፒውተር መያዝ ከጀመሩ ቈይተዋል። አብዛኞቻችንም መዝገብ የሚያጠፋ ጠላት በኢንተርኔት ከሩቅ የሚመጣ ብቻ ይመስለናል። ነገር ግን በዚያው ኮምፒውተር ከሚሠራ ሰው የሚነሣ አደጋም አለና ይኸንን ለክቡራን አንባቢዎች በአንድ ምሳሌ ማስረዳት ተገቢ ነው።

ሊኑክስ በሚባለው የኮምፒውተር ሥርዓት ላይ የሚሠራ ናኖ የተባለ የጽሑፍ ማዘጋጃ ፕሮግራም አለ። በ2002 ዓ.ም. በዚህ ፕሮግራም አንድ ጒድለት ተገኘ፤ ይኸውም የታረመውን ጽሑፍ በሚያስቀምጥበት ጊዜ፥ ፋይሉ በመካከሉ በሌላ አለመለወጡን አይመረምርም ነበር። በሊኑክስ ደግሞ የራሱ ጽሑፍ ሳይኖረው ወደ ሌላ ፋይል ብቻ የሚመራ ጠቋሚ ማኖር ይቻላል። እንግዲህ የኮምፒውተሩ ኀላፊ የአንድ ተራ ሠራተኛን ፋይል ከፍቶ ሲያርም፥ ተንኰለኛው ሠራተኛ ፋይሉን አንሥቶ በስፍራው ጠቋሚ ይተካል። ኀላፊው «አስቀምጥ» ብሎ ሲያዝ ጽሑፉ ጠቋሚው ወደሚመራበት ፋይል ይገባል፤ በዚያ የነበረውም ይጠፋል።

ነገሩ በሱቅ ቢኾን እንዲህ ነው። ጌታው የሠራተኛውን ደብተር ከመደርደሪያ ወስዶ ያርማል። ሠራተኛውም በመደርደሪያው ላይ «የዚህ ደብተር ስፍራ ካዝናው ነው» የሚል ወረቀት ይለጥፋል። ጌታው ሳይመረምር ካዝናውን በገዛ ቊልፉ ይከፍትና ዋናውን የዱቤ መዝገብ ጥሎ በምትኩ ያንን ደብተር ያኖራል። ሠራተኛው ካዝናውን አልነካም፤ መዝገቡ የጠፋው በጌታው እጅ ነው።

የናኖ ጒድለት በዚያው ዓመት በወጣው 2.2.4 በተባለው እትም ታርሟል። ኾኖም ይኸን የመሰለ ስሕተት በሌሎች ፕሮግራሞችም በየጊዜው ስለሚገኝ ትምህርቱ ለሁላችንም ነው። በአገራችን የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቊጥር 958/2008 ያለ ፈቃድ የኮምፒውተር ዳታ ማጥፋትን ያስቀጣል፤ ቅጣቱ ግን የጠፋውን ሒሳብ አይመልስም። ባለዕዳው «ስንት ነበረብኝ?» ሲል መልስ የሚሰጠው መዝገቡ ብቻ ነው።

ስለዚህ ሦስት ነገር ማድረግ ይበጃል።

1ኛ/ ፕሮግራሞችን በየጊዜው በአዲሱ እትም መተካት፤

2ኛ/ ለእያንዳንዱ ሠራተኛ የራሱን መግቢያና የምስጢር ቃል መስጠት፥ በኀላፊው መግቢያ ገብቶም የሌላ ሰው ፋይል አለማረም፤

3ኛ/ የመዝገቡን ቅጂ ከኮምፒውተሩ ለይቶ ማስቀመጥ።

እኔ በጸሐፊነት በምሠራበት ቤት ቀድሞ አራት ሰዎች በአንድ የምስጢር ቃል እንሠራ ነበር። ዛሬ ግን ሁላችንም የየራሳችን አለን፤ ቅዳሜ ቅዳሜም ሱቁ ሳይዘጋ መዝገቡን በፍላሽ ገልብጬ ካዝና ውስጥ አስቀምጣለሁ።

የካዝናውን ቊልፍ ለማንም የማይሰጥ ነጋዴ የኮምፒውተሩንም ቊልፍ እንዲሁ ሊጠብቅ ይገባዋል።