ስለ ጎደለ የአክሪሊክ ድራም አጠጋገን
በቆሼና በአካባቢው የተደረገ አጭር ጥናት

በአዲስ አበባ ምዕራብ፣ በኮልፌ ቀራንዮ፣ ረጲ በሚባለው አካባቢ የሚገኘውና ሕዝቡ ቆሼ እያለ የሚጠራው ቦታ ከ1950ዎቹ ዓ.ም. ጀምሮ የከተማው ቆሻሻ ሲጣልበት የኖረ ነው። ስፋቱም 36 ሄክታር ያህል ይሆናል። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ክምሩ ተንዶ ከ110 የሚበልጡ ሰዎች ስለ ሞቱበት ስሙ በአገሩ ሁሉ በሐዘን ይታወሳል። ሆኖም ቆሼ የሐዘን ቦታ ብቻ ሳይሆን የሥራም ቦታ ነው። ከተጣለው መካከል ብረቱን፣ ፕላስቲኩንና ጠርሙሱን እየለዩ በማውጣት የሚተዳደሩ ብዙ ሰዎች አሉ። እነርሱ የለዩትና ቁራሌው በየቤቱ እየዞረ የገዛው ዕቃ በየሠፈሩ ወዳሉት አሮጌ ዕቃ ገዢዎች፣ ከዚያም ወደ መርካቶው ምናለሽ ተራ ወይም ወደ ብረት ማቅለጫ ይሄዳል።

በዚህ ጽሑፍ የምንመለከተው በዚሁ መንገድ ላይ የተገኘ አንድ አሮጌ ድራም ነው። ብርሃን ከሚያስተላልፍ አክሪሊክ የተሠራ ሲሆን፣ በቆሼ አቅራቢያ ከአንድ አሮጌ ዕቃ ገዢ ዘንድ ጎድሎ ተገኘ። ሐሳባችንም በአነስተኛ ገንዘብ ለመጠገን የሚሻ ሰው በምን ሥርዓት ሊሠራ እንደሚገባው ማስረዳት ነው።

1. ስለ ዕቃው ዓይነት

አክሪሊክ ማለት በ1933 (እ.ኤ.አ.) ፕሌክሲግላስ በሚል ስም በጀርመን አገር ለገበያ የቀረበው፣ መስተዋት የሚመስል ፕላስቲክ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ለአውሮፕላን መስኮት አገልግሏል። ከአክሪሊክ የተሠራ ድራም በሰፊው የታወቀው ግን በ1970ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) ነው። የአሜሪካው ሉድዊግ ፋብሪካ ቪስታላይት የተባለውን ድራም በ1972 አወጣ፤ በሚከተለውም ዓመት የሌድ ዜፕሊን ድራም መቺ ጆን ቦናም በዚህ ዓይነት ድራም ሲጫወት ታየ። ይህ ዘመን በአዲስ አበባም የታላላቅ ባንዶች ዘመን ነበር። ከ1966 ዓ.ም. አብዮት በኋላ የሰዓት እላፊ ዐዋጅ የሌሊቱን ሙዚቃ አደከመው፤ ቆይቶም ኪቦርድ የድራም መቺውን ቦታ በብዙ ስፍራ ወሰደ። ሥራ የፈታ ድራም በየመጋዘኑ ተቀምጦ በመጨረሻ በኪሎ ቢሸጥ አያስደንቅም።

ለአንባቢ እንዲቀል የምንጠቀምባቸውን ቃላት እንግለጽ። ክቡን አካል ቀፎ፣ አፉን አፈፍ፣ የሚመታውን ሽፋን ቆዳ እንላለን፤ ይሁን እንጂ ከ1957 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ በፋብሪካ የሚሠራው ሽፋን በብዛት ፕላስቲክ ነው። ቆዳውን በቀፎው አፈፍ ላይ የሚጫነውን ቀለበት፣ ቀለበቱንም ወደ ታች የሚስበውን መወጠሪያ ብሎን እንለዋለን።

2. ጉድለቱ ከምን እንደሚመጣ

ያገኘነው ስብስብ ባለ 22 ኢንች ባስ ድራም፣ ባለ 13 ኢንች ቶምና ባለ 16 ኢንች የወለል ቶም ነው። በሁለቱም ወገን ቆዳ ቢለብሱ ለባስ ድራሙ 20፣ ለትንሹ ቶም 12፣ ለወለሉ ቶም 16፣ በጠቅላላው 48 መወጠሪያ ብሎኖች ያስፈልጋሉ። የተገኙት 35 ናቸው። የጎደሉት 13ቱም የቶሞቹ ነበሩ። ከወለሉ ቶም ሦስት እግሮች ሁለቱ፣ ከባስ ድራሙ ሁለት ቀለበቶች አንዱ፣ እንዲሁም ስኔሩ፣ ፔዳሉና ሲምባሎቹ የሉም። የፋብሪካው ምልክት እንኳ ተነቅሏል። ሦስቱ ቀፎዎች ግን አሉ።

ይህን ዝርዝር ያስተዋለ ሰው ጉድለቱ እንዲያው በአጋጣሚ የመጣ እንዳልሆነ ይረዳል። ከባስ ድራሙ የእንጨት ቀለበት በቀር የጎደለው ሁሉ ከብረት ወይም ከነሐስ የተሠራ ነው፤ ብረት በኪሎ ይሸጣልና። አክሪሊክ ግን ከውሃ ጠርሙስ ጋር ተደባልቆ ስለማይቀልጥ ፈላጊ የለውም። ስለዚህ የሙዚቃው መሣሪያ የሚፈርሰው በመሰበር ሳይሆን በመመዘን ነው።

3. ቁጥር ያለውና ቁጥር የሌለው

በአገራችን ከበሮ ቆዳው በጠፍር ተጠፍሮ ይወጠራል። ጠፍሩ ቢበጠስ ሠሪው ሌላ ይቆርጣል፤ ከበሮው የሚለካው በሠሪው እጅ ነውና። የፋብሪካ ድራም ግን የተወሰኑት ክፍሎቹ በቁጥር የታሰሩ ናቸው። ከዚህ የተነሣ ለጥገናው አንድ መመሪያ አወጣን፤ ይኸውም ቁጥር ያለው ይገዛል፣ ቁጥር የሌለው ይሠራል የሚል ነው።

ቁጥር ካላቸው ዋናው መወጠሪያ ብሎን ነው። በአሜሪካ ድራሞች የተለመደው ብሎን ውፍረቱ 5.5 ሚሊ ሜትር ያህል ሲሆን በአንድ ኢንች ርዝመት 24 ጥርስ አለው። በገበያችን የሚገኘው ባለ 5 ሚሊ ሜትር ብሎን ይላላል፤ ባለ 6ቱም አይገባም። በግድ የገባ እንደ ሆነ በመያዣው ውስጥ ያለውን ዳዶ ያበላሸዋል፤ አንድ ብሎን ለማዳን ሲባል መያዣውም ይጠፋል። ቆዳም በኢንች ቁጥር የሚገዛ ነው። ጥሩ ሲምባል ከመዳብና ከቆርቆሮ ማዕድን ቅይጥ የሚሠራ ስለ ሆነ ከላሜራ ተቆርጦ አይወጣም። ስኔሩን በተመለከተ ግን አክሪሊክ መሆን የለበትም፤ ብዙ መቺዎች በሌላውም ስብስባቸው ላይ የብረት ወይም የእንጨት ስኔር ይጨምራሉና፣ የተገኘውን አሮጌ ባለ 14 ኢንች መግዛት ይበቃል።

ቁጥር የሌላቸው ደግሞ እዚሁ ይሠራሉ። የቀረው እግር ሲለካ 9.5 ሚሊ ሜትር ስለ ሆነ፣ ባለ 12 ፌሮ ወስዶ ቶርኖ ቤት በዚህ ልክ ማስቀነስና እንደ ናሙናው ማስጎበጥ ይቻላል። ለእግሩ ጫፍ የሚሆነው ጎማ በርባሶ ጫማ ከሚሠሩት ሰዎች ዘንድ ከአሮጌ የመኪና ጎማ ይቆረጣል። የባስ ድራሙንም ቀለበት አናጢ የቀረውን አብነት አድርጎ ስስ እንጨት እየደራረበ በኮላ ሊሠራው ይችላል።

የጎደሉት 13 ብሎኖችስ? ባስ ድራሙ 20 ብሎኖቹ ስላሉት ለቶሞቹ የቀሩት 15 ናቸው። ሁለቱ ቶሞች ከላይ ብቻ ቆዳ ቢለብሱ የሚፈልጉት 6ና 8፣ በድምሩ 14 ነው፤ አንዱም ለመጠባበቂያ ይተርፋል። ከታች ክፍት የሆነ ቶም የድህነት ምልክት አይደለም፤ በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ፋብሪካዎች ራሳቸው እንዲህ ያለውን ቶም ይሸጡ ነበር። ድምፁ አጠር ያለና ጥርት ያለ ይሆናል። ስለዚህ የጎደለው ስብስብ አንድም ብሎን ሳይገዛለት በሌላ መልክ ሙሉ ሆነ፤ የተረፈውም ገንዘብ ለቆዳና ለስኔር ዋለ።

4. ቀፎውን ስለ ማዳን

አክሪሊክ ጠንካራ ቢመስልም በሁለት ቦታ ይሰነጠቃል፤ ተጠቅልሎ በተጋጠመበትና በብሎን ቀዳዳዎቹ ዙሪያ። ስንጥቁ እንዳይሄድ በጫፉ ላይ በቀጭን ፑንታ፣ ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሜትር፣ በቀስታ በሚዞር ትራፓኖ መብሳት ያስፈልጋል። ፑንታው አዲስና ስለታም ከሆነ አክሪሊኩን ስለሚነክሰው ጠርዙ ጥቂት መደነዝ አለበት።

ለማጠብ ለብ ያለ ውሃና ለስላሳ ሳሙና ይበቃል። አልኮል፣ ቤንዚንና ቀለም ማቅጠኛ በአክሪሊኩ ላይ እንደ ሸረሪት ድር ያሉ ስንጥቆችን ስለሚያወጡ ፈጽሞ አይነኩትም። ለማጣበቅ የሚያገለግለው አክሪሊኩን አሟሙቶ የሚያዋሕድ ፈሳሽ ነው። ብዙ ጊዜ በውስጡ ያለው ዳይክሎሮሜቴን ሲተነፍሱት በሰውነት ውስጥ ወደ ካርቦን ሞኖክሳይድ ስለሚለወጥ፣ በተዘጋ ክፍል መሥራት ሕይወትን ያሰጋል። ለድጋፍ የሚሆን ቁራጭ ከማስታወቂያ ሠሪዎች ትርፍራፊ ይገኛል። እርሱንም በምድጃ ውስጥ እስከ 150 ወይም 160 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አሙቆ በቀፎው ልክ ማጉበጥና ከውስጥ በኩል መለጠፍ ነው። አክሪሊክ ስለሚቀጣጠል በእሳት ነበልባል ላይ አይሞቅም።

አፈፉ ደልዳላ ካልሆነ ቆዳው አይቃኝም። የእንጨት ድራም ሲሆን ቀፎውን በጠፍጣፋ መስተዋት ላይ ደፍቶ ውስጡ መብራት በማብራት ክፍተቱን ማየት የተለመደ ነው። አክሪሊክ ግን ብርሃኑን ራሱ ስለሚያስተላልፍ ይህ ዘዴ ያሳስታል። ስለዚህ ስስ ወረቀት በዙሪያው እያስገቡ መሞከር ይሻላል፤ ወረቀቱ በሚያልፍበት ሥፍራ አፈፉ ዝቅ ብሏል ማለት ነው።

ከሁሉ በላይ የሚጠበቀው ነገር አዲስ ዕቃ እንዲገጥም ተብሎ አሮጌውን ቀፎ አለመቁረጥና አዲስ ቀዳዳ አለመብሳት ነው። ብሎን ከዐሥር ዓመት በኋላም ሊገኝ ይችላል፤ የተቆረጠ ቀፎ ግን ወደ ነበረበት አይመለስም።

5. ማጠቃለያ

ከዚህ በላይ እንደ ተገለጸው የጥገናው ትልቁ ወጪ የሚቀነሰው ከመግዛት በፊት በመለካትና በመቁጠር ነው። ነገር ግን ሌላም የሚታሰብበት ጉዳይ አለ። ድራሙ የጎደለው በቆሼ ያሉ ሠራተኞች ስለማያውቁ አይደለም፤ የብሎኑን ዋጋ ከኪሎው አብልጦ የሚከፍላቸው ሰው ስለሌለ ነው። የሙዚቃ ክበቦቻችን የሚፈልጉትን ብሎንና መያዣ ናሙና ለአሮጌ ዕቃ ገዢዎችና ለለቃሚዎች ቢሰጡና ተገቢውን ዋጋ ቢከፍሉ፣ ሌላው ድራም ሳይፈታ በሙሉው ሊተርፍ ይችላል። ዕቃ ለመፈለግ ሲባል ራስ ወደ ክምሩ መውጣት ግን አይገባም። የክምሩን አደጋ 2009 ዓ.ም. አሳይቷል፤ በዚያም የተገኘው ዕቃ አስቀድሞ ያነሡት ሰዎች እንጀራ ነው።