ደብረ ሲና፤ በደጋና በቆላ መካከል ያለች የመንገድ ከተማ

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ወደ ደሴ የሚጓዝ መንገደኛ ደብረ ብርሃንን አልፎ አምባውን ከጨረሰ በኋላ ጣርማ በር ላይ ይደርሳል። በዚያ ሥፍራ ምድሩ በድንገት ይቆረጣል። ከኋላው የቀረው የገብስና የበግ አገር ነው፤ ከፊቱ የሚታየው ደግሞ ወደ ይፋት ቆላ፣ ከዚያም ወደ አፋር ሜዳ የሚወርደው ገደል ነው። ደብረ ሲና ከዚህ በር በታች፣ ከአዲስ አበባ 190 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ በተዳፋቱ ላይ ተቀምጣለች።

ብዙዎቻችን ይህችን ከተማ የምናውቃት በአውቶቡስ መስኮት በገዛነው ቆሎ ነው። በዚህ ጽሑፍ ግን ከአውቶቡሱ ወርደን፣ ከተማዪቱ በዚያ ሥፍራ ለምን እንደ ተገኘች፣ ሕዝቧ በምን እንደሚኖርና ምን እንደሚያሰጋት ለማስረዳት እንሞክራለን። ዓላማችንም በመንገድ ዳር ከተሞች የሚያገለግሉ ካህናትና የሰበካ ጉባኤ አባላት የየራሳቸውን አካባቢ በዚሁ ዓይን እንዲመረምሩ ነው።

በሩና ዋሻው

በደጋው አገር «በር» የሚባለው ተራራን ወይም ገደልን የሚያሳልፍ መተላለፊያ ነው። መኪና ከመምጣቱ በፊት ነጋዴና መንገደኛ በበቅሎ፣ በአህያና በእግር በዚህ በር ይወጣና ይወርድ ነበር። አቀበቱ አድካሚ ስለ ሆነ ከበሩ በታች ማረፊያ ማስፈለጉ አይቀርም። እንግዲህ መኪና ከመታየቱ አስቀድሞ የመሬቱ አቀማመጥ ሥፍራውን ለማረፊያነት አዘጋጅቶት ነበር ማለት ይቻላል።

ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በቆየው የጣሊያን ወረራ ዘመን፣ አዲስ አበባን ከደሴና ከአሥመራ ጋር የሚያገናኘው የመኪና መንገድ ሲሠራ፣ በጣርማ በር ተራራው ተሰርስሮ 587 ሜትር ርዝመት ያለው ዋሻ ወጣለት። ዋሻው ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ይገኛል። ክረምት ሲሆን ጉሙ አካባቢውን ስለሚሸፍነው፣ ሾፌሮች በቀትርም መብራት አብርተው ያልፋሉ።

መንገዱ የከተማዪቱን ኑሮ ለውጦታል። የበቅሎ ነጋዴ ያድራል፤ እህል፣ ገፈራና ማደሪያ ይፈልጋል። አውቶቡስ ግን የሚቆመው ለጥቂት ደቂቃ ነው። ስለዚህ በደቂቃ የሚሸጥ፣ በመስኮት የሚቀበሉት፣ መንገድ ላይ የማይበላሽ ነገር ያስፈልጋል። የደብረ ሲና ቆሎ ስሙ የወጣው ከዚህ የተነሣ ይመስለናል።

ሕዝቡና ገበያው

ደገኛው ገብስ፣ ባቄላና በግ ይዞ ይወርዳል፤ ቆለኛው ማሽላ፣ ሽንኩርትና ፍራፍሬ ይዞ ይወጣል። የአንዱ ጉድለት በሌላው ትርፍ ይሞላል። አካባቢው አማራ፣ አርጎባና አፋር፣ ክርስቲያንና ሙስሊም የሚገናኙበት በመሆኑ፣ ገበያው የዕቃ መለዋወጫ ብቻ ሳይሆን የመተዋወቂያና የመታረቂያ ሥፍራም ነው።

በመንገዱ ዳር የምናየው የቆሎ ንግድ በአብዛኛው በሴቶችና በወጣቶች እጅ ነው። ገብሱ ይለቀማል፣ ይፈተጋል፣ ይቆላል፤ ሽምብራ፣ ሱፍና ኦቾሎኒ ይቀላቀልበታል። ከዚያ በኋላ ሁሉም ነገር በመኪናው መቆም ላይ ይወሰናል። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ እስከዚህ አካባቢ በደረሰ ጊዜ እንደ ታየው፣ መንገድ ሲዘጋ እንዲህ ያለ ንግድ በዚያው ቀን ይቆማል። ኑሮውን በአንድ መንገድ ላይ ብቻ የመሠረተ ቤተ ሰብ ሁለተኛ መተዳደሪያ ያስፈልገዋል የምንለው ስለዚህ ነው።

ተዳፋቱና ውኃው

ሌላው ሥጋት ከእግር በታች ያለ ነው። በመስከረም 1998 ዓ.ም. በደብረ ሲና አቅራቢያ ይዛባ በተባለው አካባቢ ታላቅ የመሬት መንሸራተት ደርሶ ቤትና እርሻ አጥፍቷል፤ ብዙ ሰዎችንም አፈናቅሏል። ጊዜውን ልብ ይሏል፤ ክረምቱ ካለፈ በኋላ፣ ምድሩ ውኃ በጠገበበት ወቅት ነው። አካባቢው በስምጥ ሸለቆው ጠርዝ ላይ ስለሚገኝ፣ ዓለቱ የተሰነጣጠቀ የእሳተ ገሞራ ዓለት ነው። የዝናቡ ውኃ በስንጥቁ ይሰርጋል፤ ከሥር ሸክላማ አፈር ሲያጋጥመው በዚያ ይጠራቀማል፤ በመጨረሻም ከላይ ያለውን ምድር ያንሸራትተዋል።

ምልክቶቹን ማንኛውም ገበሬ ሊያያቸው ይችላል። መሬት ይሰነጠቃል፤ ቀጥ ብሎ የኖረ ዛፍ ያዘነብላል፤ ምንጭ ይደፈርሳል ወይም ቦታውን ይለውጣል፤ የቤት በር አልገጥም ይላል። በዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ እንጨምር። በሌላ ሥፍራ የምናመሰግነው ውኃን አቁሮ የሚያስቀር እርከን፣ በሚንሸራተት ተዳፋት ላይ ጉዳት ሊያመጣ ይችላል፤ ውኃውን ወደ ምድር ውስጥ ያሰርገዋልና። በእንዲህ ያለ ቦታ የሚሻለው ውኃውን በቦይ ቀስ አድርጎ ማስወጣት ነው።

ከሰበካው የሚጠበቀው

ስለዚህ ማንኛውም የሰበካ ጉባኤ የልማት ዕቅድ ከማውጣቱ በፊት ሦስት ጥያቄዎችን ቢጠይቅ መልካም ነው። ሕዝባችን ለምን በዚህ ሥፍራ ሰፈረ? መንገዱ አንድ ወር ቢዘጋ የሚራበው ማን ነው? ከበላያችን የሚወርደው ውኃ ወዴት ይሄዳል? የመጀመሪያውን ሽማግሌዎች፣ ሁለተኛውን የቆሎ ሻጮቹ እናቶች፣ ሦስተኛውን ገበሬዎች ይመልሱታል። የምድር ስንጥቅ ከታየም ክረምት ሳይገባ ለወረዳው ማሳወቅ፣ ቤተ ሰቦቹም ለጊዜው የሚጠለሉበትን ቦታ አስቀድሞ መወሰን ይገባል።

በቅጥረ ቤተ ክርስቲያን ያሉት አገር በቀል ዛፎችም በዚህ ሥራ ይረዱናል። ሥራቸው የላይኛውን አፈር ይይዛል፤ ዘራቸውም ለተራቆተው ተዳፋት ችግኝ ይሆናል። ችግኝ ጣቢያ ለመጀመር የሚያስብ ሰበካ ዘሩን ሩቅ ሳይሄድ ከደጁ ያገኘዋል።