የቢላዋ ወዳጆቹና ንቦቻቸው

በዚህ እትም ላወራችሁ የፈለግሁት ስለ ቢላዋ ነው። ርዕሱን አይታችሁ «ደግሞ ማን ተወጋ?» እንደምትሉ አውቃለሁ። እዚህ ካኩማ ቢላዋ ሲነሳ ቶሎ ትዝ የሚለን ጠብ ነው። እኔም ከእናንተ የተለየሁ አልነበርኩም።

ከሁለት ዓመት በፊት ከአንድ የሰባተኛ ክፍል ተማሪዬ ቦርሳ ውስጥ ሰንጢ አገኘሁ። ልጁ አሥራ ስድስት ዓመቱ ነው፤ የሚኖረው ከእናቱ ጋር ብቻ ነው። ደንቡ ይታወቃል፤ ለርዕሰ መምህሩ ማስረከብ፣ ከዚያ ልጁ መባረር ነው። ሰንጢውን ኪሴ ከትቼ «ለምን ያዝከው?» አልኩት።

«ቲቸር፣ እንጨት ልጠርብበት ነው።»

አላመንኩትም። ቦርሳው ሥር እጁን ሰዶ አንዲት ማንኪያ አውጥቶ ሰጠኝ። ከደረቅ ግራር የተጠረበች፣ አፏ የለሰለሰ፣ እጀታዋ ቀጥ ያለ ነበረች። በመምህራን ማሠልጠኛ የእጅ ሥራ ትምህርት ወስጃለሁ፤ እንዲህ ያለ ነገር ግን ሠርቼ አላውቅም። ማን እንዳስተማረው ጠየቅሁት። «ከገበያ ጀርባ ያሉት አባባ» አለኝ። ለርዕሰ መምህሩ ከመናገሬ በፊት ሄጄ ላያቸው ወሰንኩ።

ከኒሟ ሥር

ከኢትዮጵያውያን ገበያ ጀርባ ካለችው የኒም ዛፍ ሥር ቅዳሜ ከሰዓት ስድስት ሰባት ሰዎች ይሰበሰባሉ። ሥራ እንዳትሉት፣ የሚከፍላቸው የለም። አንዱ ኳስ ይወዳል፣ ሌላው ዳማ ይጫወታል፤ እነዚህ ደግሞ ቢላዋ ይወዳሉ፣ በቃ። ይስላሉ፣ እጀታ ይቀይራሉ፣ አፎት ይሰፋሉ፣ ማንኪያና መፋቂያ ይጠርባሉ፣ ይከራከራሉ። የጉራጌው ሰው የክትፎ ቢላዋን ያህል የለም ይላል። ከአፋር የመጣው ስለ ጊሌ ያወራል፣ ባለ ሁለት ስለትና ቆልመም ያለ ነው። ሶማሌው ጎረቤታቸው የአገሩን ጩቤ «ቢላዌ» ብሎ ሲጠራ ሁሉም ይስቃሉ፤ ቃሉ ከእኛው ቢላዋ ጋር አንድ ነውና። ከአስተናጋጆቻችን ከቱርካናዎች አንድ ሽማግሌ ደግሞ እንደ አምባር እጅ አንጓ ላይ የሚጠለቅ ክብ ቢላዋ ያሳያሉ። ስለቱ በውጭ በኩል ነው፤ በማይፈለግበት ጊዜ በቆዳ ይሸፈናል።

አባባ አገር ቤት ብረት ቀጥቃጭ ነበሩ። «ቡዳ ነው እያሉ ሲሸሹን አደግን» አሉኝ፣ ሰንጢውን ከእጄ ተቀብለው ስለቱን በአውራ ጣታቸው እየነኩ። «መምህር፣ እጅ የሚቆርጠው የደነዘው ነው። የደነዘውን ሰው ይጫነዋል፣ ሲጫነው ያንሸራትታል። ይሄ ልጅ መሳል ተምሯል፤ የሚቀረው ማስቀመጥ ነው።»

በዚያው ተስማማን። ሰንጢው አባባ ዘንድ ይቀመጣል፤ ልጁ ቅዳሜ ቅዳሜ ከኒሟ ሥር ብቻ ይይዘዋል። ቢላዋ በኪስ ይዞ መዞር ከፖሊስም ከጎረቤትም ያጣላል። ርዕሰ መምህሩም ነገሩን ሰምተው ተቀበሉት።

መንጋው ሲያርፍ

ንቦቹ የመጡት በዚያው ዓመት ነው። ከዝናብ በኋላ አንድ መንጋ ኒሟ ላይ አረፈ። ሰፈርተኛው ላምባ ይዞ ሊያቃጥል ተነሳ። አባባ «እስኪመሽ ታገሱ» ብለው ለመኑ፤ ሲመሽ መንጋውን በካርቶን አወረዱት።

ቀፎ መሥራት ግን ሌላ ነገር ነው። አገር ቤት የምናውቀው ከቀርከሃ ወይም ከጭቃና እበት የሚሠራ ድብልብል ቀፎ ነው፤ ማሩ ሲቆረጥ እንጀራው ሁሉ ይፈርሳል። እነዚህ የመረጡት በኬንያ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ የተስፋፋውን፣ በእኛ አገር «የሽግግር ቀፎ» የሚባለውን ዓይነት ነው። ጎኑ ዘመም ያለ ሣጥን ሲሆን ላዩ ላይ ርብራቦች ይደረደራሉ፤ ንቦቹ ከእያንዳንዱ ርብራብ አንድ እንጀራ ያንጠለጥላሉ።

ምስጢሩ ያለው ርብራቡ ላይ ነው። ለአፍሪካ ንብ ስፋቱ 3.2 ሳንቲ ሜትር መሆን አለበት፤ ንቧ ራሷ እንጀራዎቿን የምታራርቅበት ልክ ስለሆነ ነው። ሰፋ ወይም ጠበበ ካለ እንጀራውን አጣማ፣ ሁለቱን ርብራብ አያይዛ ትሠራዋለች። ያኔ አንዱን ላንሳ ስትሉ ሌላው ይቀደዳል። ይህን የሚችል እጅ ከየት ይመጣል? ከኒሟ ሥር ነበረ። ልጁ ከተጣለ የዕቃ መጫኛ እንጨት ሃያ ስድስት ርብራብ ጠረበ። በማስመሪያ ለካሁለት፤ ሦስቱን ጣልንና ደግሞ ሠራቸው።

ጥፋታችን

አሁን ያጠፋነውን ልንገራችሁ። ቀፎውን ያኖርነው ከቤቶች ጀርባ፣ ሃያ እርምጃ በማይሞላ ቦታ ነበር። እኔም አይቼ ዝም አልኩ። አንድ ቀን ሰው ቀፎውን ሊያይ በጠራራ ፀሐይ ከፈተው። የጎረቤታችን የአራት ዓመት ልጅ ሰባት ቦታ ተነደፈች። ክሊኒክ ወሰድናት፣ በማግስቱ ዳነች። የብሎኩ ሽማግሌዎች ግን ቀፎው በሦስት ቀን ውስጥ ካልተነሳ ይቃጠላል አሉ። እውነታቸውን ነው።

ያዳነን ያ የቱርካና ሽማግሌ ነው። በታራች ወንዝ ዳር ያሉት ግራሮች ለባዕድ ዓይን ባለቤት የሌላቸው ይመስላሉ። በቱርካና ልማድ ግን እያንዳንዱ የወንዝ ዳር ዛፍ የሚጠቀምበት ቤተሰብ አለው፤ ሥርዓቱ «ኤክዋር» ይባላል። እኛ ስደተኞች ማገዶ ስንለቅም ይህን ባለማወቅ ብዙ ጊዜ ተጣልተናል። አባባና ሽማግሌው ተነጋገሩ፤ ቀፎው በእሳቸው ቤተሰብ ዛፎች መሃል ይሰቀላል፣ ማሩ እኩል ይካፈላል፣ አንድ ቅርንጫፍ አይቆረጥም ተባባሉ። ሲጨልም፣ ንቦቹ ከገቡ በኋላ፣ መግቢያውን ደፍነን ተሸክመን ሄድን። ጉንዳን እንዳይወጣ በሽቦ አንጠለጠልነው፣ ሽቦውንም ግራሶ ቀባነው።

ማሩ

የመጀመሪያው ቆረጣ አራት ኪሎ ገደማ ወጣው። ሲመሻሽ፣ በደረቅ የፍየል በጠጥ ጭስ፣ ቀስ ብለን ነው የቆረጥነው። ጭስ ሁለት ነገር ያደርጋል፤ ንቦቹ ሆዳቸውን በማር እንዲሞሉ ያደርጋል፣ የጥሪ ሽታቸውንም ይሸፍናል። አንዲት ንብ ስትጨፈለቅ እንደ ሙዝ የሚሸት ነገር ትለቃለች፤ ያን ያሸተቱት ሁሉ ለጠብ ይነሳሉ። ስለዚህ ቢላዋው በጣም ስል መሆን አለበት፤ የደነዘ ቢላዋ እንጀራውንም ንቧንም ይጨፈልቃል። ልጁ ከርብራቡ ሥር አንድ ጣት ያህል እያስቀረ ቆረጠ፤ ንቦቹ ከዚያ ይቀጥላሉ። እጭ ያለበትን እንጀራ ሳይነካ መለሰው፣ ለራሳቸውም ስንቅ ተወላቸው።

ሁለቱ ኪሎ ለሽማግሌው ቤት ሄደ። ከእኛ ድርሻ መጀመሪያ የተላከው ለተነደፈችው ልጅ እናት ነው። እንደ ታረቅን ያወቅሁት ሣህኑ ባዶውን ሳይሆን ቂጣ ይዞ ሲመለስ ነው።

ንብ ለማነብ ለምታስቡ

ቀፎን ከቤት፣ ከመንገድና ከውኃ ቧንቧ አርቁ። ጥላና በአጠገቡ ጠጠር የተደረገበት የውኃ ሣህን ይኑረው፤ ውኃ ካጣች ንቧ ወደ ጀሪካናችሁ ትመጣለች። ቀን አትክፈቱ። ከተነደፋችሁ መንደፊያውን ወዲያው በጥፍር ጥረጉት፤ የመርዝ ከረጢቱ ተነቅሎ ከቀረ በኋላም መርዝ መስጠቱን አያቆምም። ከንፈር ካበጠ ወይም ትንፋሽ ካጠረ ሳትዘገዩ ወደ ክሊኒክ ሩጡ። እናቶች ደግሞ፣ አንድ ዓመት ላልሞላው ሕፃን ማር ፈጽሞ አታቅምሱ። በማር ውስጥ ሊኖር የሚችለውን ተሐዋሲ የሕፃን ሆድ አይቋቋመውም፤ ሰውነትን ያሰንፋል፣ ትንፋሽም ሊያቋርጥ ይችላል።

አንድ ነገር ላርም። አገራችን የቀፎውን አለቃ «አውራ» እንለዋለን፤ እሷ ግን እናት ናት። እንቁላል ከተጣለ በ16 ቀን እናቲቱ፣ በ21 ሠራተኛዋ፣ በ24 ድንጉላው ይፈለፈላሉ። ይህን በክፍል ያስረዳው እኔ ሳልሆን ያው ልጅ ነው። አሁን ስምንተኛ ክፍል ነው። ሂሳብ አሁንም ይከብደዋል፣ ሦስት ነጥብ ሁለት የሚባል ቁጥር ግን አይስትም።

በማር ሀብታም የሆነ ሰው አላየሁም፤ ቀፎዎቹ ሦስት ብቻ ናቸው። እኔ ግን ያን ሰንጢ ለርዕሰ መምህሩ አስረክቤ ብቻ ወደ ቤቴ ብሄድ ኖሮ ዛሬ ልጁ የት ይሆን ነበር እያልኩ አስባለሁ። ልጃችሁ እጅ ላይ ስለት ብታዩ ቀሙት፣ ቀሙት እንጂ። ከቀማችሁት በኋላ ግን ለምን እንደያዘው ጠይቁት፣ መልሱንም እስከ መጨረሻው ስሙት። ቅዳሜ ከሰዓት ከኒሟ ሥር ቦታ አለ።