የጠላቂ ባንዲራ በኦሞ ወንዝ፦ አሠራሩና የሕግ መሠረቱ

በውሃ ውስጥ የሚሠራ ጠላቂ ከላይ ለሚያልፈው ባለጀልባ አይታይም። በጠራ ባሕር ላይ ከጠላቂው የሚወጣው የአየር አረፋ ጥቂት ፍንጭ ይሰጣል፤ ደለል ተሸክሞ በሚወርደው ኦሞ ላይ ግን ይህ ፍንጭ ከወንዙ አረፋ ጋር ይደባለቃል። አዞ በሚኖርበት በዚህ ወንዝ ለመዝናናት የሚጠልቅ ሰው እንደማይኖር ግልጽ ነው። ይሁንና የሰጠመን ሰው አስከሬን መፈለግ፣ የድልድይ ምሰሶ መመርመር፣ የመስኖ መጥለፊያ በር መጠገን ጠላቂ ሊጠይቁ የሚችሉ ሥራዎች ናቸው። በነሐሴ 1998 ዓ.ም. የኦሞ ጎርፍ በዳሰነች አካባቢ ከ300 በላይ ሰዎች ከሞቱ ወዲህ ጥያቄው እንግዳ ሊሆን አይገባም።

በስፋት የታወቁት የጠላቂ ባንዲራዎች ሁለት ናቸው። የመጀመሪያው በቀይ መደብ ላይ ነጭ ሰያፍ መስመር ያለው ሲሆን፣ በ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በአሜሪካ የተጀመረ ነው። ሁለተኛው በዓለም አቀፉ የምልክቶች ኮድ «አልፋ» የሚባለው፣ ነጭና ሰማያዊ ሆኖ ጫፉ እንደ ወፍ ጅራት የተሰነጠቀው ነው፤ ትርጉሙም ጠላቂ መሰማራቱን ገልጾ ሌሎች እንዲርቁና በዝግታ እንዲያልፉ ማሳሰብ ነው። በተግባር የሚጠብቁት ነገር ይለያያል። አልፋ የሚናገረው ስለ መርከቡ ነው፤ ጠላቂ ስላሰማራ እንደ ልቡ መንቀሳቀስ እንደማይችል ያሳውቃል። ቀዩ ባንዲራ ደግሞ ጠላቂው ራሱ ያለበትን ቦታ ያመለክታል። ለዚህም ነው ሁለቱን አብሮ መስቀል የተለመደው።

ስለ ርቀትና መጠን ዝርዝር ድንጋጌ ካላቸው ሕጎች አንዱ የአሜሪካዋ የፍሎሪዳ ግዛት ሕግ ነው። ባንዲራው በጀልባ ላይ ሲሰቀል ቢያንስ 50 በ60 ሳንቲ ሜትር ገደማ፣ በተንሳፋፊ ምልክት ላይ ሲሆን ደግሞ 30 በ30 ሳንቲ ሜትር ገደማ መሆን አለበት። አላፊው ጀልባ በክፍት ውሃ 91 ሜትር፣ በወንዝና በጠባብ መተላለፊያ 30 ሜትር ያህል ለመራቅ መጣር፣ ከዚያ ከቀረበም ፍጥነቱን እጅግ መቀነስ ይጠበቅበታል። በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር የሚጓዝ ጀልባ 30 ሜትርን የሚጨርሰው ከ4 ሰከንድ ባነሰ ጊዜ ነው። ባንዲራው ከሩቅ ካልታየ ርቀቱ በወረቀት ላይ ብቻ ይቀራል፤ ነፋስ በሌለበት ቀን እንዳይጠቀለል በሽቦ ወይም በእንጨት ተወጥሮ መያዝ ያለበትም ስለዚህ ነው።

ይህ ልክ እንዳለ ወደ ኦሞ ቢወሰድ ሌላ ችግር ይገጥመዋል። በሰከንድ 1 ሜትር የሚፈስ ውሃ የለቀቁትን ነገር በደቂቃ 60 ሜትር ይወስዳል፤ መልሕቅ በጣለ ጀልባ ላይ ያለው ባንዲራ በግማሽ ደቂቃ ውስጥ ጠላቂው የሌለበትን ቦታ ይጠቁማል ማለት ነው። ስለዚህ ጠላቂው ከላይ በሚይዝ ረዳት በገመድ መታሰር፣ ከራሱ ጋር የሚሄድ ተንሳፋፊ ባንዲራም መጎተት አለበት። ከዚህ በላይ ትኩረት የሚሻው የላይኛው ወገን ነው። ኦሞራቴ ላይ ሰው የሚያሻግሩት ከአንድ ግንድ የተፈለፈሉ ታንኳዎች ሞተር የላቸውም፤ ከወራጁ ጋር የሚመጣ ታንኳ ባንዲራውን ቢያይም ወዲያው ሊቆም አይችልም። ማስጠንቀቂያው ከሥራው ቦታ ብዙ ርቆ፣ በወንዙ ሁለት ዳርቻዎች ከሰው ጥበቃ ጋር ቢቆም ይሻላል።

የሕጉ ጉዳይ የሚጀምረው ዓለም አቀፉ ደንብ የት ድረስ እንደሚደርስ በመጠየቅ ነው። የባሕር ላይ ግጭትን ለመከላከል በ1972 (እ.ኤ.አ.) የወጣው ደንብ፣ በቁጥር 27 ሥር፣ ሙሉውን መብራትና ቅርጽ ማሳየት የማይችል አነስተኛ የጠላቂ ጀልባ ቁመቱ ከ1 ሜትር የማያንስ ግትር የአልፋ ምስል ከሁሉም አቅጣጫ እንዲታይ አድርጎ እንዲያቆም ያዛል። ሌሊት ደግሞ ከላይ ወደ ታች ቀይ፣ ነጭ፣ ቀይ መብራት ያስፈልጋል። ነገር ግን ቁጥር 1 የደንቡን ወሰን በዓለም አቀፍ ባሕርና ከእርሱ ጋር በተያያዙ፣ የባሕር መርከብ ሊጓዝባቸው በሚችሉ ውሃዎች ላይ ያቆመዋል። ኦሞ የሚገባበት የቱርካና ሐይቅ ወደ ባሕር መውጫ የለውም። ስለዚህ ደንቡ በራሱ ኃይል እዚህ አይሠራም፤ ባንዲራውን አስገዳጅ የሚያደርገው የአገር ውስጥ ሕግ ብቻ ነው።

ስለ ባንዲራው ተለይቶ የሚናገር ድንጋጌ ባይጠቀስ እንኳ አጠቃላይ ሕጉ ባዶ አይደለም። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2028 በጥፋቱ ሌላውን የጎዳ ሰው እንዲክስ ያስገድዳል። አንቀጽ 2081 ደግሞ የማሽን ባለቤት ማሽኑ ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ ያደርገዋል፤ ባለሞተር ጀልባ በዚህ ቃል ሥር ይወድቃል ቢባል አሳማኝ ትርጓሜ ይመስላል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 92 የሠራተኛን ደኅንነት የመጠበቅ ግዴታን በአሠሪው ላይ ስለሚጥል፣ ጠላቂ ቀጥሮ ምልክት ሳያቆም ያሰማራ አሠሪ ከተጠያቂነት ለማምለጥ ይቸገራል። ባንዲራው በዚህ ረገድ ማስረጃም ነው፤ በጉልህ ቆሞ ሳለ የጣሰው ባለጀልባ አላወቅሁም ለማለት ይከብደዋል።

ለዚህ ግን ምልክቱ አስቀድሞ መታወቅ አለበት። ባንዲራ ፊደል ለማያነብ ሰው የሚሆን ቢሆንም ትርጉሙ ከሰማይ አይወርድም፤ በዳሰነችኛና በኛንጋቶምኛ ለታንኳ ቀዛፊዎችና ለዓሣ አስጋሪዎች ካልተነገረ ቀይ ጨርቅ ብቻ ነው። ሥራው ሲያበቃም ወዲያው መውረድ ይኖርበታል፤ ቀኑን ሙሉ ያለ ጠላቂ የሚውለበለብ ባንዲራ ቀዛፊውን ችላ ማለት ያስተምረዋል።