የ189 ድምፅ ዋጋ

ኪንደር ሞርጋን ካናዳ የተባለው የነዳጅ ቧንቧ ኩባንያ ለሕዝብ ባቀረባቸው አክሲዮኖች ላይ ዋጋ የቆረጠው እ.ኤ.አ. ሜይ 25 ቀን 2017 ነው (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ቀኖች በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። ኩባንያው አስቀድሞ ያሳወቀው አንዱ አክሲዮን ከ19 እስከ 22 የካናዳ ዶላር እንደሚሸጥ ነበር። የተሸጠው ግን በ17 ዶላር ነው። 1.75 ቢሊዮን የካናዳ ዶላር ያስገባ ሽያጭ ከሸፈ ባይባልም፣ ገዢዎቹ ከእያንዳንዱ አክሲዮን ላይ ቢያንስ 2 ዶላር አስቀንሰዋል። ለቅናሹ በወቅቱ ከተነሡት ምክንያቶች ዋነኛው ከአንድ ቀን በፊት የድምፅ ቆጠራው የተጠናቀቀው የብሪትሽ ኮሎምቢያ ክፍለ ሀገር ምርጫ ነው።

ኩባንያው ገንዘቡን የፈለገው በ1953 ሥራ የጀመረውንና ከኤድመንተን ተነሥቶ ቫንኩቨር አጠገብ እስከምትገኘው በርናቢ ድረስ 1,150 ኪሎ ሜትር የሚሄደውን የትራንስ ማውንቴን ቧንቧ ለማስፋፋት ነበር። በቀን 300 ሺህ በርሜል ይተላለፍበት የነበረው መስመር 890 ሺህ እንዲያደርስ የታሰበ ሲሆን፣ ወጪው በ7.4 ቢሊዮን ዶላር ተገምቷል። የፌዴራሉ መንግሥት በኖቬምበር 2016 ፈቅዷል። የክፍለ ሀገሩ መሪ ክሪስቲ ክላርክም በ20 ዓመት ውስጥ እስከ 1 ቢሊዮን ዶላር የሚያስገኝ ስምምነት ተደራድረው በጃንዋሪ 2017 እሺ አሉ። የቀረው ምርጫው ብቻ ነበር።

ክፍለ ሀገሩን ከ2001 ጀምሮ ያስተዳደረው የክላርክ ሊብራል ፓርቲ ነው። ስሙ ሊብራል ይሁን እንጂ አቋሙ ወደ ነጋዴው ያደላ ነበር። ተቀናቃኙ በጆን ሆርገን የሚመራው ኒው ዴሞክራቲክ ፓርቲ የቧንቧውን መስፋፋት እንደሚቃወም በግልጽ ተናግሯል። ሜይ 9 ቀን ሕዝቡ ድምፅ ሰጠ። ከ87ቱ የምክር ቤት መቀመጫዎች ሊብራሎቹ 43፣ ኒው ዴሞክራቶቹ 41፣ አረንጓዴ ፓርቲ 3 አገኙ። በጠቅላላው ድምፅ የሁለቱ ትላልቅ ፓርቲዎች ልዩነት ሁለት ሺህ እንኳ አልሞላም።

ለብቻ ለማስተዳደር 44 መቀመጫ ያስፈልጋል። ሊብራሎቹን አንድ ወንበር ጎደላቸው ማለት ነው። ያቺ አንድ ወንበር ደግሞ ከቫንኩቨር ደሴት ከኮርትኔ-ኮሞክስ ወረዳ ልትመጣ ትችል ነበር፤ በምርጫው ሌሊት ኒው ዴሞክራቶቹ እዚያ የመሩት በ9 ድምፅ ብቻ ነበርና። በመላው ክፍለ ሀገር ደግሞ ከምርጫ ወረዳቸው ውጭ የሆኑ ሰዎች የሰጡት ከ170 ሺህ በላይ ድምፅ ገና አልተቆጠረም። አየር ኃይል የሰፈረበት ወረዳ በመሆኑ፣ የወታደሩ ድምፅ ለሊብራሎቹ ያደላ ይሆን የሚል ግምትም ነበር። አክሲዮን ሻጮቹ ደንበኛ ሲያነጋግሩ የሰነበቱት ይህ ሁሉ ሳይለይ ነው። ሜይ 24 ቀን ቆጠራው አለቀ፤ ልዩነቱ ወደ 189 ከፍ አለ፤ ወንበሯም ለኒው ዴሞክራቶቹ ሆነች።

ለባለገንዘብ እዚህ ላይ ልብ የሚባል ነገር አለ። በዚያ ሳምንት ዋጋ የወሰነው ማን ብዙ ድምፅ አገኘ የሚለው አልነበረም፤ በሁለቱም መለኪያ የቀደሙት ሊብራሎቹ ናቸው። ሁለት ትላልቅ ነጋዴዎች እኩል ሲፋጠጡ ገበያው በመካከላቸው በቆመው ደላላ እጅ እንደሚወድቅ ሁሉ፣ መንግሥት የማቆሙ ሥልጣን በአረንጓዴዎቹ ሦስት ወንበሮች ላይ ወደቀ። የእነርሱ መሪ አንድሩ ዊቨር የአየር ንብረት ሳይንቲስት መሆናቸውን የሚያውቅ ሰው ስለ ቧንቧው የሚሉትን ለመገመት አይቸገርም። ሜይ 29 ቀን ከኒው ዴሞክራቶቹ ጋር መስማማታቸው ተነገረ። በስምምነቱ ውስጥ መንግሥታቸው በእጁ ባለው መሣሪያ ሁሉ የቧንቧውን መስፋፋት እንዲያስቆም የሚል አንቀጽ ነበረበት። አክሲዮኑ በማግስቱ ቶሮንቶ ገበያ ላይ ሲወጣ ከ17 ዶላር በታች ወረደ።

ክላርክ ጁን 29 ቀን በመተማመኛ ድምፅ 44 ለ42 ተሸነፉ። ሌላ ምርጫ እንዲጠራ ቢጠይቁም የንግሥቲቱ እንደራሴ አልተቀበሉም፤ ጁላይ 18 ቀን ሆርገን ሥልጣን ያዙ።

ከአንድ ክፍለ ሀገር ወደ ሌላው የሚሻገር ቧንቧ በካናዳ ሕግ የፌዴራሉ መንግሥት ጉዳይ ነው። በዚህ የተማመኑ ባለሀብቶች ቪክቶሪያ ላይ ማንም ቢቀመጥ ሊያግደው አይችልም ብለው ነበር። በሕጉ ረገድ አልተሳሳቱም። ያልቆጠሩት የጊዜን ዋጋ ነው። ማገድ የማይችል መንግሥት ፍርድ ቤት ሊሄድ፣ አዲስ ደንብ ሊያረቅ ይችላል፤ ብረት አዝዞና ሠራተኛ ቀጥሮ ለሚጠብቅ ኩባንያ እያንዳንዱ ወር ገንዘብ ነው። በጃንዋሪ 2018 ሆርገን የሚጫነውን ወፍራም ድፍድፍ ለመገደብ ማቀዳቸውን ሲያስታውቁ፣ የነዳጁ ባለቤት የአልበርታ ክፍለ ሀገር የብሪትሽ ኮሎምቢያን ወይን ጠጅ ለሁለት ሳምንት ያህል አገደ። የሁለቱም ክፍለ ሀገሮች መሪዎች የአንድ ፓርቲ ሰዎች ነበሩ።

ኤፕሪል 8 ቀን 2018 ኪንደር ሞርጋን አስፈላጊ ካልሆነ ወጪ እጁን ሰብስቦ፣ እስከ ሜይ 31 ዋስትና ካላገኘ ሥራውን እንደሚተው አስታወቀ። ቀነ ገደቡ ሊያበቃ ሁለት ቀን ሲቀረው የፌዴራሉ መንግሥት ቧንቧውን በ4.5 ቢሊዮን ዶላር ሊገዛ ተስማማ። የአገሪቱ ከፍተኛ ፍርድ ቤት በጃንዋሪ 2020 ክፍለ ሀገሩ እንዲህ ያለ ገደብ የመጣል ሥልጣን የለውም ብሎ በአንድ ድምፅ ወሰነ፤ በዚያን ጊዜ ግን ኩባንያው ከሄደ ቆይቷል። አዲሱ መስመር ሥራ የጀመረው ሜይ 1 ቀን 2024 ሲሆን፣ ወጪው ወደ 34 ቢሊዮን ዶላር ደርሷል። የከፈለው ግብር ከፋዩ ነው።

ከሁሉ የቀናው ሻጩ ነው። ኦገስት 30 ቀን 2018 የኩባንያው ባለአክሲዮኖች ሽያጩን ለማጽደቅ በተሰበሰቡበት ዕለት፣ የፌዴራሉ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት የማስፋፊያውን ፈቃድ ሰረዘው። ባለአክሲዮኖቹ ከመቶ 99 በሚበልጥ ድምፅ አጸደቁ፤ ገዢውም በማግስቱ ርክክቡን ፈጸመ።